ተመልሶ ጀማሪ መሆን አያሳፍርም

ሰው በልጅነቱ የጀመረውን ሁሉ እስከ እርጅናው ይዞ አይዘልቅም። ትምህርት ይበዛበታል፤ ሥራ ይይዛል፤ ትዳር ይመሠርታል፤ ልጆች ያሳድጋል። በዚህ ሁሉ መካከል ቀድሞ ሌት ተቀን ያስበው የነበረው ነገር ቀስ በቀስ ከእጁ ይወጣል። ይሁን እንጂ ከእጅ የወጣ ሁሉ ከልብ አይወጣም። «የማያውቁት አገር አይናፍቅም» ይባላል፤ አንድ ጊዜ ያወቁት ግን ከብዙ ዓመት በኋላም ይናፍቃል። ስለዚህ ሰው የናፈቀውን ፍለጋ አንድ ቀን ይመለሳል። በዚህ ጽሑፍ ላነሣው የፈለግሁት ጥያቄ ይህ ነው፤ ወደ ተወው ሙያ ከረጅም ዘመን በኋላ የሚመለስ ሰው እንዴት ሆኖ መመለስ ይገባዋል? እንደ ባለሙያ ነው ወይስ እንደ ጀማሪ?

ጥያቄው በደፈናው እንዳይቀር አንድ ምሳሌ ልያዝ። ምሳሌዬ በሬዲዮ የሚመራ ሞዴል አውሮፕላን ማብረር ነው። ሞዴል አውሮፕላን ማለት ሰው የማይሳፈርበት፣ ነገር ግን እንደ ትልቁ አውሮፕላን ክንፍና ጅራት፣ ሞተርና መሪ ያለው ትንሽ አውሮፕላን ነው። አብራሪው ምድር ላይ ቆሞ ሁለት ትናንሽ ዘንጎች ያሉትን የሬዲዮ ማስተላለፊያ በእጁ ይይዛል። ዘንጎቹን በጣቱ ሲያንቀሳቅስ ማስተላለፊያው ምልክት ይልካል፤ በአውሮፕላኑ ሆድ ውስጥ ያለው መቀበያ ምልክቱን ተቀብሎ ሰርቮ ለሚባሉት ጥቃቅን ሞተሮች ያስተላልፋል፤ እነርሱም በክንፉና በጅራቱ ላይ ያሉትን ተንቀሳቃሽ ሰሌዳዎች ያዞራሉ። አውሮፕላኑም እንደ ታዘዘው ይወጣል፤ ይወርዳል፤ ይዞራል።

ይህ ሙያ በተለይ በአሜሪካ ሥር የሰደደ ነው። የአገሪቱ የሞዴል አውሮፕላን አካዳሚ የተቋቋመው በ1936 ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉ። በ1937 በሚቺጋን ግዛት በካላማዙ ከተማ ዋልተርና ዊልያም ጉድ የተባሉ መንትያ ወንድማማቾች «ጋፍ» ብለው የሰየሙትን ሞዴል አውሮፕላን በሬዲዮ እየመሩ ለማብረር በቁ። ያ አውሮፕላን ዛሬ የአሜሪካ ብሔራዊ የአየርና የኅዋ ሙዚየም ንብረት ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላም ብዙ ወጣቶች ባልሳ የተባለውን እጅግ ቀላል እንጨት እየቆረጡና እያጣበቁ አውሮፕላን ሲሠሩ፣ በየሜዳውም ሲያበሩ አደጉ። ከዚያ በኋላ የሆነው ከላይ የተናገርሁት ነው። ትምህርትና ኑሮ ጠራቸው፤ አውሮፕላኑ በሣጥን ታሽጎ ከጣራ ሥር ተቀመጠ። ሃያ ወይም ሠላሳ ዓመት አለፈ። ልጆች አድገው ከቤት ሲወጡ፣ ወይም የጡረታ ጊዜ ሲደርስ፣ ሣጥኑ ይከፈታል፤ ሰውዬውም ወደ ሜዳው ይመለሳል።

በበኩሌ መመለሱ መልካም ነው እላለሁ። ነገር ግን የሚመለሰው ሰው የቀድሞ ችሎታውን ምስክር አድርጎ በባለሙያ ወንበር ላይ ከመቀመጡ በፊት፣ ለጥቂት ቀናት በጀማሪ ቦታ መቆም ይገባዋል ብዬ አምናለሁ። ይህን አሳብ የሚቃወሙ ሦስት ዓይነት ሰዎች አሉ። እያንዳንዱን በየተራ እንመልከት።

የመጀመሪያዎቹ መመለሱን ራሱ ይነቅፋሉ። «ጎልማሳ ሰው በመጫወቻ ምን ያደርጋል? የልጅነት ነገር በልጅነት ይቅር» ይላሉ። እነዚህ ሰዎች ነገሩን ከላይ ከላዩ ብቻ ያዩ ይመስለኛል። ሞዴል አውሮፕላንን በአየር ላይ የሚይዘው ትልቁን አውሮፕላን የሚይዘው ያው ሕግ ነው። ክንፉ ነፋሱን በትክክለኛ ማዕዘን ካልተቀበለ ትንሹም ትልቁም ይወድቃል። የክብደቱ ማእከል ከቦታው ወደ ኋላ ከሸሸ ትንሹም ትልቁም አልገዛም ይላል። ስለዚህ ሞዴል አውሮፕላን የሚሠራ ሰው ሒሳብ ያሰላል፤ እንጨት ይጠርባል፤ ኤሌክትሪክ ይቀጥላል፤ ነፋስ ይመረምራል። ይህን ሁሉ መጫወቻ ብሎ መጥራት ይቻል ይሆናል፤ ከንቱ ብሎ መጥራት ግን አይቻልም።

ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆኑት አሜሪካዊው ሜናርድ ሂል ናቸው። በነሐሴ ወር 2003 እርሳቸውና ጓደኞቻቸው ከባልሳ እንጨትና ከስስ ፕላስቲክ የተሠራ፣ ክብደቱ ከነነዳጁ ከአምስት ኪሎ ግራም ያልበለጠ ሞዴል አውሮፕላን ከካናዳ ኒውፋውንድላንድ ወደ አየርላንድ ሰደዱ። አውሮፕላኑ የአትላንቲክን ውቅያኖስ አቋርጦ ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ ከተጓዘ በኋላ፣ በሠላሳ ዘጠነኛው ሰዓት ገደማ የአየርላንድን ምድር ረገጠ። ከዚያ በፊት የተደረጉት ሙከራዎች ከሽፈው ነበር። ሂል በዚያን ጊዜ 77 ዓመታቸው ሲሆን ዓይናቸው በጣም ደክሞ፣ ጆሯቸውም ከብዶ ነበር። እንግዲህ ዕድሜ ለዚህ ሙያ ዕንቅፋት አለመሆኑን ከዚህ እንረዳለን። ሌላም የምንረዳው ነገር አለ። አውሮፕላኑ አየርላንድ ሲደርስ በሬዲዮ ተቀብለው ያሳረፉት በዚያ ሲጠባበቁ የነበሩት የሥራ ጓደኞቻቸው ናቸው። ሂል በሌላው ሰው ዓይንና እጅ መታገዝን እንደ ውርደት አልቈጠሩትም። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ሁለተኞቹ ተቃዋሚዎች ራሳቸው ተመላሾቹ ናቸው። «እጅ የተማረውን አይረሳም» ይላሉ። «በልጅነቱ ዋና የተማረ ሰው ከሃያ ዓመት በኋላ ወንዝ ቢገባ አይሰጥምም፤ ብስክሌት የለመደም አይወድቅም። እኛም እንደዚሁ ነን» ብለው ይከራከራሉ። ይህ ክርክር በቀላሉ የሚጣል አይደለም፤ ግማሹ እውነት ነውና። ኸርማን ኤቢንግሃውስ የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ በ1885 ባሳተመው ጥናቱ፣ ሰው ፈጽሞ የረሳው የሚመስለውን ነገር እንደገና ሲያጠና መጀመሪያ ከፈጀበት ባነሰ ጊዜ እንደሚይዘው አሳይቷል። ከእርሱ በኋላ የተነሡ ተመራማሪዎች ደግሞ የእጅን ችሎታ መርምረው፣ መሪ እንደ መያዝና ሚዛን እንደ መጠበቅ ያለ ሳይቋረጥ የሚከናወን እንቅስቃሴ ለረጅም ጊዜ እንደማይጠፋ አረጋግጠዋል።

ይሁን እንጂ የእነዚሁ ተመራማሪዎች ሥራ ሌላም ነገር ይነግረናል። በቅደም ተከተል የሚሠራ ሥርዓት፣ ማለት «መጀመሪያ ይህን፣ ቀጥሎ ያን» ተብሎ የሚፈጸም ተግባር፣ ካልተደጋገመ ቶሎ ይረሳል። አውሮፕላን ማብረር ደግሞ የሁለቱ ድምር ነው። እጅ አውሮፕላኑን በአየር ላይ ሚዛኑን ጠብቆ ይይዘዋል። ነገር ግን አውሮፕላኑ ከምድር ከመነሣቱ በፊት መደረግ ያለባቸው ብዙ ጥቃቅን ነገሮች አሉ። ባትሪው መሙላቱ ይለካል። የክብደቱ ማእከል በቦታው መሆኑ ይታያል። የሬዲዮው ምልክት ከሩቅ መድረሱ ይፈተናል። ዘንጉ ወደ ቀኝ ሲገፋ የቀኙ ክንፍ ሰሌዳ ወደ ላይ፣ የግራው ወደ ታች መሄዱ በዓይን ይረጋገጣል። ሰርቮው በተቃራኒ የተገጠመ እንደ ሆነ፣ ወደ ቀኝ የታዘዘው አውሮፕላን ወደ ግራ ይጋደማል፤ አብራሪው ይበልጥ ባዘዘ ቁጥርም ይበልጥ ወደ መጥፋቱ ያዘነብላል። ይህን ስሕተት በምድር ላይ ለማየት አሥር ሴኮንድ ይበቃል። በአየር ላይ ግን ለማረም አሥር ሴኮንድ አይገኝም፤ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚበር አውሮፕላን በአንድ ሴኮንድ 17 ሜትር ያህል ይጓዛልና።

እንግዲህ የተመላሹ አደጋ ከዚህ ላይ ነው። እጁ ስለሚያስታውስ ልቡ ይደፍራል፤ ልቡ ስለ ደፈረ ሥርዓቱን ይዘላል። ጀማሪ ሰው ምንም ስለማያውቅ ይፈራል፤ ስለሚፈራም ይጠይቃል። ተመላሹ ግን የማያውቀውን የሚያውቀው ይመስለዋል። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚለው ተረት ለጀማሪ ብቻ የተነገረ አይደለም፤ ጥምጥሙን አውልቆ ከብዙ ዓመት በኋላ እንደገና ለሚጠመጥምም ጭምር ነው።

በዚህ ላይ ሙያው ራሱ ቆሞ አልጠበቀም። የቀድሞው ሞዴል አውሮፕላን በአብዛኛው ከሜታኖልና ከዘይት በተቀመመ ነዳጅ በሚሠራ ትንሽ ሞተር ይበር ነበር። ያ ሞተር አስነሥተውት ካልሆነ በራሱ አይነሣም። ዛሬ ብዙው በኤሌክትሪክ ይሠራል። የኤሌክትሪክ ሞተር ባትሪው ከተቀጠለ ጀምሮ ለመሽከርከር ዝግጁ ነው፤ የኀይሉ ዘንግ በእጅጌ ቢነካ ከፊት ያለው ስለታም ፕሮፔለር ድንገት ይዞራል፤ ጣትም ይቆርጣል። የቀድሞውን ብቻ የሚያውቅ ሰው ዝም ያለ ሞተር ደኅና ሞተር ይመስለዋል። ባትሪውም ተለውጧል። የቀድሞው የኒኬል ካድሚየም ባትሪ በአንድ ክፍሉ 1.2 ቮልት ነበረው፤ ብዙ ስሕተትም ይችል ነበር። የዛሬው የሊቲየም ባትሪ አንዱ ክፍል ከ4.2 ቮልት በላይ መሞላት የለበትም፤ ለእርሱ ባልተሠራ መሙያ ከተሞላ ሊነድ ይችላል። ያበጠ ባትሪም ፈጽሞ አይነካም፤ ተለይቶ ይወገዳል እንጂ።

ሬዲዮውም እንዲሁ ነው። በቀድሞው ጊዜ ሁለት ሰዎች በአንድ የሞገድ መስመር ማስተላለፊያቸውን ከከፈቱ አንዱ የሌላውን አውሮፕላን ይጥል ስለ ነበር፣ በየሜዳው ተራ የሚጠበቅበት ሰሌዳ ተሰቅሎ ነበር። ከ2005 ገደማ ጀምሮ በተስፋፉት አዳዲስ ሬዲዮዎች ግን እያንዳንዱ መቀበያ የራሱን ማስተላለፊያ ለይቶ ስለሚያውቅ ይህ ችግር በእጅጉ ቀንሷል። ሕጉም ተለውጧል። ዛሬ በአሜሪካ ከ250 ግራም በላይ የሚመዝን ሞዴል አውሮፕላን የሚያበር ሰው መመዝገብ፣ የምዝገባ ቁጥሩንም በአውሮፕላኑ ላይ መጻፍ አለበት። ለመዝናኛ የሚያበር ሁሉ ደግሞ ከ2021 ጀምሮ የተዘጋጀውን አጭር የደኅንነት ፈተና አልፎ ማስረጃውን መያዝ ይገባዋል። «እኔ ከሠላሳ ዓመት በፊት የማውቀው እንዲህ አልነበረም» ማለት በሕግ ፊት ምክንያት አይሆንም።

ሦስተኞቹ ተቃዋሚዎች ደግሞ በዘመናዊ መሣሪያ ይመካሉ። «ዛሬ አውሮፕላኑ ሲያዘነብል በራሱ የሚያቃና መሣሪያ አለው፤ አብራሪው ቢሳሳት መሣሪያው ያርመዋል» ይላሉ። እውነት ነው፤ እንዲህ ያለ መሣሪያ አለ፤ ለተማሪም እጅግ ይጠቅማል። ነገር ግን መሣሪያው የሚያርመው የሚለካውን ብቻ ነው። ባትሪው ሊያልቅ መቃረቡን፣ በመንደርደሪያው ላይ ሰው መቆሙን፣ ነፋሱ አቅጣጫ መለወጡን አብራሪው ራሱ ማየት አለበት። ከዚህም በላይ መሣሪያው ራሱ በተሳሳተ አቅጣጫ ከተገጠመ፣ ያቃናል ሲባል ይበልጥ ያጣምማል። ስለዚህ መሣሪያው የሚፈተሸውን ነገር አበዛው እንጂ ፈታሹን አላስቀረውም።

የእኔን አሳብ ጥንቃቄ የበዛበት ነው የሚል ካለ፣ የትልልቆቹን አውሮፕላኖች ሕግ ይመልከት። በአሜሪካ የአቪዬሽን ደንብ መሠረት ፈቃድ ያለው አብራሪ እንኳ በየ24 ወሩ ከአስተማሪ ጋር ዕውቀቱና በረራው ካልተገመገመ አውሮፕላን በኀላፊነት ማብረር አይችልም። ባለፉት 90 ቀናት ውስጥ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ተነሥቶ ሦስት ጊዜ ካላረፈም መንገደኛ ማሳፈር አይፈቀድለትም። ይህ ደንብ አብራሪውን ለማዋረድ የወጣ አይደለም፤ ያልተደጋገመ ችሎታ እንደሚደበዝዝ በመታወቁ ነው። ለሦስት ወር የተለየው እንዲህ ከተባለ፣ ሃያና ሠላሳ ዓመት የተለየው ምን ሊባል ነው? «ሞዴሉ እኮ ሰው አይጭንም» ይባል ይሆናል። ሰው አይጭንም፤ ነገር ግን በሰው አጠገብ ይበራል። ሁለትና ሦስት ኪሎ ግራም የሚመዝን ነገር ከሰማይ በፍጥነት ሲወርድ ጭንቅላት ቢያገኝ ይገድላል።

ታዲያ ተመላሹ ምን ያድርግ? መንገዱ ረጅም አይደለም። ከሣጥኑ ያወጣውን ፈጣን አውሮፕላን ለጊዜው ያስቀምጥና፣ ክንፉ ከላይ የተገጠመ፣ እርጋታ ያለው የመማሪያ አውሮፕላን ይያዝ። ብቻውን ወደ ባዶ ሜዳ ከመሄድ ይልቅ ወደ ክበብ ይሂድ። በዚያ የተማሪውንና የአስተማሪውን ማስተላለፊያ የሚያገናኝ ዘዴ አለ፤ ተማሪው ሲያበር አስተማሪው አንድ ማብሪያ ይዞ ይቆማል፤ አደጋ ሲመጣ ማብሪያውን ይለቅቅና አውሮፕላኑን ራሱ ይረከባል። ተመላሹ በዚህ ዘዴ ጥቂት ጊዜ ተነሥቶ ይረፍ። አውሮፕላኑ ወደ እርሱ ፊቱን አዙሮ ሲመጣ ግራና ቀኙ እንደሚገለባበጥ እጁን ያስታውሰው። የፍተሻውን ሥርዓት በወረቀት ጽፎ እያነበበ ይፈጽም እንጂ በትዝታ አይመን። የኤቢንግሃውስ ጥናት እንዳስተማረን ሁለተኛው ትምህርት ከመጀመሪያው ያጥራል፤ ስለዚህ በጀማሪ ቦታ የሚቆየው ለጥቂት ቀናት ብቻ ነው።

ይህን ያህል ቀላል ከሆነ ሰው ለምን ይሸሸዋል? እንደሚመስለኝ ምክንያቱ ሰነፍነት አይደለም፤ ኀፍረት ነው። ማብሪያውን ይዞ ከአጠገቡ የሚቆመው አስተማሪ አንዳንድ ጊዜ የአሥራ አምስት ወይም የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ይሆናል። ጠጉሩ የሸበተ ሰው፣ «እኔ ስበር አንተ አልተወለድህም» ለማለት ይቃጣዋል። ነገር ግን ከላይ ያነሣሁትን የሜናርድ ሂልን ነገር አስታውሱ። ውቅያኖስ ያሻገሩት ሰው አውሮፕላናቸውን በሌሎች እጅ ለማስረከብ አላፈሩም። ለአንድ ሰዓት የልጅ ተማሪ መሆን ደግሞ ከዚያ የበለጠ አይከብድም።

ኀፍረቱን መርጦ ብቻውን የሚነሣ ሰው የሚያጣው አውሮፕላን ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልተከራከርሁ ነበር። እንጨት ይገዛል፤ ክንፍ ይጠገናል። ነገር ግን ሠላሳ ዓመት የናፈቀው ነገር በመጀመሪያው ቀን፣ በሰው ፊት፣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሲሰባበር ያየ ሰው ብዙ ጊዜ ሁለተኛ አይመለስም። «ለካ አርጅቻለሁ» ብሎ ስብርባሪውን ሰብስቦ ይሄዳል። ያልቻለው ግን ስላረጀ አይደለም፤ ስለ ቸኮለ ነው። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይባላል፤ የፈሰሰው ተስፋ ሲሆን ግን መልቀሙ ይከብዳል።

እናንተ ተማሪዎች ይህን ስታነቡ፣ «እኛ ገና ያልጀመርን ነን፤ ስለ መመለስ ምን አገባን?» ትሉ ይሆናል። በሦስት ነገር ያገባችኋል። አንደኛ፣ ዛሬ የምትወዱትን ነገር፣ ሥዕልም ይሁን ክራር፣ ሩጫም ይሁን የእጅ ሥራ፣ አንድ ቀን ሳትፈልጉት ትተዉት ይሆናል። ስትተዉት በሥርዓት ተዉት፤ ዕቃውን አጽድታችሁ አስቀምጡ፤ የምታውቁትንም በደብተር ጻፉ። ለነገው ተመላሽ ከዚህ የበለጠ ስጦታ የለም። ሁለተኛ፣ ከእናንተ በዕድሜ የሚበልጥ ሰው የተወውን ሊማር ወደ እናንተ ቢመጣ አትሣቁበት፤ አክብራችሁ አሳዩት። ሦስተኛ፣ እናንተም ከብዙ ዓመት በኋላ ስትመለሱ የቀድሞ ስማችሁን በር ላይ አስቀምጡና ግቡ።

ጀማሪ መሆን የሚያሳፍረው ማወቅን የማይፈልገውን ነው። ተመላሹ ግን ለማወቅ ስለሚፈልግ ተመልሷል፤ ስለዚህ የሚያፍርበት ምክንያት የለውም። ማስተላለፊያውን ይያዝ፤ ሰሌዳዎቹን ይፈትሽ፤ ከአጠገቡ ለቆመው ልጅም «እስኪ እይልኝ» ይበል። ከዚያ በኋላ እጁ ያልረሳውን ያሳያል።